ላትገዙት አትጫረቱ!

ነገሬን ከመጨረሻው ልጀምር። በኢንተርኔት ጨረታ ላይ፣ እንደማያሸንፍ እያወቀ ዋጋ የሚወረውር ሰው ተመልካች አይደለም። ዋጋውን ከሚያወጡት ሰዎች አንዱ ነው። ዕቃው ቴምብር ሲሆን ይሄ ቀልድ ነው፣ እንለፈው። ዕቃው ከመቅደላ የተዘረፈ ጋሻ፣ ወይም ከአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ የብራና መጽሐፍ ሲሆን ግን ቀልድነቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ልማዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ የጨረታ ድረ ገጾችን ከፍቶ «ኢትዮጵያ» ብሎ መፈለግ። መስቀል ይመጣል። ክታብ ይመጣል። የምኒልክ ብር፣ ማርትሬዛ፣ የጃንሆይ ዘመን ቴምብር፣ መቋሚያ፣ ጸናጽል፣ የተገነጠለ የብራና ቅጠል ይመጣል። ከዚያ አንዱ ላይ 20 ፓውንድ መጣል። ለመግዛት አይደለም። ገንዘቡም የለም፣ ካርዱም የአጎት ልጅ ነው። «ለሁለት ቀን እንኳ በእኔ ስም ይሁን» ብሎ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ የማይታወቅ ሰው ይበልጠዋል፣ «ተበልጠሃል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፣ እሱም ይስቃል፣ ይተኛል። ለጓደኞቹም «ትናንት የንጉሥ ጋሻ አመለጠኝ» ብሎ ያወራል።

ደስታው አይገባኝም አልልም። ይገባኛል። በሙዚየም መስታወት ጀርባ ካልሆነ በቀር ልናየው የማንችለውን ነገር በጣታችን የነካነው ያህል ይሰማናል። ክርክሬም ከደስታው ጋር አይደለም። ደስታውን ማን እንደሚከፍልለት፣ ገንዘቡስ ማን ኪስ እንደሚገባ ነው መነጋገር የምፈልገው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል ያገሬ ሰው።

ተሸናፊው ነው ዋጋ የሚያወጣው

ብዙዎቻችን ጨረታ ማለት «ብዙ የሰጠ ይወስዳል» ብቻ ይመስለናል። የሚወስደውማ ብዙ የሰጠው ነው። ስንት እንደሚከፍል የሚወስነው ግን ሁለተኛው ነው።

በኢቤይ ላይ እንዲህ ይሠራል። አንድ ሰው «እስከ 900 ፓውንድ እሄዳለሁ» ብሎ የመጨረሻ ዋጋውን ያስገባል። ድረ ገጹ ግን 900ውን አይጠይቀውም። ከሁለተኛው ተጫራች ትንሽ ከፍ የሚያደርገውን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛው ሰው 200 ላይ ከቆመ፣ አሸናፊው የሚከፍለው ከ200 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አሁን አንተ መሀል ትገባለህ። እንደማታሸንፍ እርግጠኛ ስለሆንክ ደፍረህ 600 ትላለህ። እንዳሰብከውም ትሸነፋለህ። አሸናፊው ግን አሁን ከ600 በላይ ይከፍላል። ያ የ400 ፓውንድ ልዩነት ያንተ ሥራ ነው። አንተ አንዲት ሳንቲም ሳታወጣ፣ ሻጩ 400 ፓውንድ አገኘ። አጫራቹም ኮሚሽኑን ከዚያው ላይ ቆረጠ።

ይሄ የእኔ ፍልስፍና አይደለም። ዊልያም ቪክሪ የሚባል የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለዚህ ዓይነት ጨረታ ጽፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት ከተሸለመባቸው ሥራዎቹ አንዱ ሆኗል። የሚገርመው ደግሞ ከእሱ በፊት ነገሩን የሚያውቁት ቴምብር ሰብሳቢዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የቴምብር ነጋዴዎች በፖስታ የሚመጣላቸውን ዋጋ እየሰበሰቡ፣ ዕቃውን ለአንደኛው በሁለተኛው ዋጋ ይሸጡ ነበር።

በመዶሻ በሚዘጋው ጨረታም ነገሩ ያው ነው። አጫራቹ ወደ ላይ የሚጠራው ሁለት ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። አንዱ ሲቆም መዶሻው ይወርዳል። መዶሻው የት ላይ እንደወረደ የሚናገረው፣ ያሸነፈው ሳይሆን የቆመው ሰው ነው።

«እኔ እኮ 600 አልልም፣ 20 ነው የምለው» የሚል ይኖራል። መልካም። ማንም ያልነካው ዕቃ «ገዢ ያልተገኘለት» ተብሎ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ያንተ 20 ፓውንድ ጨረታውን ይከፍተዋል። «አንድ ተጫራች አለ» የሚለው ጽሑፍ ሁለተኛውን ይጠራል። የተሸጠበት ዋጋም ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ዕቃ የግምት መነሻ ይሆናል። ጨረታ የእሳት ማገዶ ነው፤ ጭራሮዋን የጣለ ሰው «ትልቁን ግንድ እኔ አልጨመርኩም» ቢል ማን ይሰማዋል?

ደላንታ ሜዳ ላይ

ይሄ ጨዋታ ለእኛ አዲስ አይደለም። ታሪካችን ውስጥ ከባዱ ጨረታ ኢንተርኔት ከመፈጠሩ ከ100 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ተካሂዷል።

እኔ የደራ ልጅ ነኝ፣ አንበሳሜ ነው ያደግሁት። በእኛ ሰፈር አፄ ቴዎድሮስ የመጽሐፍ ሰው አይደሉም፣ የጎረቤት ሰው ናቸው። ደብረ ታቦር ከተማቸው ነበረች። ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ያሠሩት እዚያው አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ያንን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ወጡ። ከወራት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1868)፣ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ግቢውንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ።

ከዚያስ? ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት ዘረፋው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደ። እዚያ ሁለት ቀን የፈጀ ጨረታ ተካሄደ። የተሰበሰበው ወደ 5,000 ፓውንድ ገደማ ነው። ለወታደሩ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የደረሰው ወደ 4 ዶላር ብቻ ነበር።

ጨረታውን በዓይኑ አይቶ የጻፈው ጋዜጠኛው ሄንሪ ስታንሊ ነው። እንደ እሱ ዘገባ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ በቂ ገንዘብ ይዞ ስለነበር አብዛኛውን ዕቃ እሱ ወሰደ። ነገር ግን ለክፍለ ጦሩ መኮንኖች ክበብ የሚገዛ አንድ ኮሎኔል አጥብቆ ተፎካከረው። የቴዎድሮስ የግል ዕቃ ሲቀርብ ደግሞ ሁለቱንም የሚበልጡ ጨዋ ሰዎች ብቅ ይሉ ነበር።

አያችሁ? ያ ኮሎኔል ብዙውን ጊዜ ተሸንፏል። ነገር ግን ሆልምስን ያስከፈለው እሱ ነው። ይሄው ሆልምስ፣ ተፎካካሪ በሌለበት፣ ከአንድ ወታደር እጅ የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ የገዛው በ4 ፓውንድ ነበር! ዕቃው ተወዶ ወይም ረክሶ አይደለም። አጠገቡ ሌላ የሚጠይቅ ሰው መኖርና አለመኖሩ ነው ልዩነቱ።

ጨረታው የሠራው ሌላም ሥራ አለ፣ እሱ ይብሳል። ጠዋት «የተዘረፈ» የነበረው ዕቃ ማታ «የተገዛ» ሆነ። ወታደሩ ቢጠየቅ ዘረፍኩ ይላል። መኮንኑ ግን ገዛሁ ይላል፣ ልጁም አባቴ ገዝቶት ነው ይላል፣ የልጅ ልጁም ዛሬ ለአጫራች ድርጅት ሲያቀርበው «ከቤተሰብ የተላለፈ» ተብሎ ይጻፍለታል። የጨረታ መዶሻ ዝርፊያን የሚያጥብ ሳሙና ነው። ከቴዎድሮስ አልጋ በላይ የተገኘውን ኲርዓተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል ሆልምስ ለሙዚየሙ እንኳ አላስረከበም፣ ለራሱ አስቀረው። እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጠ፣ ዞሮ ዞሮ ፖርቱጋል ገባ። የነገሥታቱ መማጸኛ የነበረው ሥዕል በግለሰብ እጅ ቀረ።

«ቴዎድሮስስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አይደል እንዴ መጻሕፍቱን የሰበሰቡት?» የሚል ሰው ካለ፣ ልክ ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን መዝረፋቸውንና ማቃጠላቸውን የጎንደር ሰው አይረሳውም፣ እኛም አንደብቀውም። ግን ይሄ የሚያሳየው የመጻሕፍቱ ባለቤት ከንጉሡም በላይ አጥቢያው እንደሆነ ነው። ለናፒየር ወታደር የባለቤትነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ደብዳቤ ያስቆመው፣ ዋጋ ያላስቆመው

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ዶርሴት፣ እንግሊዝ ውስጥ በዝቢ የተባለ አጫራች ድርጅት ከመቅደላ የወጣ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ አቀረበ። በለንደን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ደብዳቤ ጻፈ። ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጡ። በኋላም ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት እነሱንና ሌሎች የመቅደላ ቅርሶችን ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረከበ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ገቡ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ ኒውካስል ውስጥ አንደርሰን ኤንድ ጋርላንድ የተባለ ድርጅት አንድ ጋሻ አወጣ። ላዩ ላይ የመቅደላ ስምና የዝርፊያው ቀን ተጽፎበታል። ማስረጃ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም፣ ሌባው ራሱ ቀኑን ቀርጾበታል! የተሰጠው ግምት ከ800 እስከ 1,200 ፓውንድ ነበር። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ጨረታው እንዲቆም ጠየቀ፣ ቆመ። ጋሻው በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከእነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለቱንም ጨረታ ያስቆመው ዋጋ የሰጠ ሰው አይደለም። ጥያቄ ያቀረበ ሰው ነው። አጫራች ድርጅት ከተጫራች ብዛት አይደነግጥም፣ ይደሰታል እንጂ። የሚደነግጠው «ይሄ ዕቃ ከየት መጣ?» ከሚል ደብዳቤ ነው። ዋጋ ስትሰጥ ደንበኛ ነህ። ጥያቄ ስታቀርብ ባለጉዳይ ነህ። ከደንበኛና ከባለጉዳይ አንዱን መምረጥ ነው።

«ግን እኮ...»

እስካሁን ሲመጡ የሰማኋቸውን መከራከሪያዎች ልደርድርና አንድ በአንድ ልመልስ።

አንደኛ፤ «ቢያንስ የኢትዮጵያዊ ስም መዝገቡ ላይ ይቀመጥ።» የትኛው መዝገብ? ኢቤይ የተጫራቹን ስም በኮከብ ምልክት ሸፍኖ ሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚያሳየው። በአዳራሽ ጨረታም ያለህ ቁጥር ነው። ሻጩ የሚያየው ኢትዮጵያዊ አይደለም፣ «ሌላ ፈላጊ አለ» የሚለውን ነው።

ሁለተኛ፤ «ገዢው ውድ ይክፈል፣ ይቃጠል!» ይሄኛው ቁጣ አለበት፣ ቁጣውን እወደዋለሁ። ግን የገዢው ቃጠሎ የሻጩ ሙቀት ነው። የተቃጠለው ገንዘብ አመድ አይሆንም፣ ወደ ሻጩ ኪስ ነው የሚገባው። አንድ መስቀል በ2,000 ፓውንድ መሸጡን የሰማ ሌላ ቤተሰብ ደግሞ ነገ ጣሪያው ሥር ያለውን ሳጥን ይከፍታል። ያ እንኳ ሩቅ ነው እንበል። ዋጋው የሚሰማው እንግሊዝ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? እዚህም ደላላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ቤልጂየም ድረስ የሄደው እዚያ የሚከፍል ሰው ስለነበረ ነው። እስኪመለስ አራት ዓመት ፈጅቷል። የደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤታቸው በጭቃና በእንጨት የተሠራ ነው፤ ጠባቂያቸውም አንድ አረጋዊ መነኩሴና አንድ ቁልፍ ነው። የዋጋው ወሬ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ነቢይ መሆን አይጠይቅም።

ሦስተኛ፤ «እነ ሼሄራዛድም እኮ ከፍለው ነው ያመጡት። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ሐኪም ለንደን ከሚገኝ የጥንት መጻሕፍት ነጋዴ ታቦት ገዝቶ ለኢትዮጵያ መልሷል። ገንዘብ ይሠራል ማለት ነው።» ይሄ ከሁሉም የጠነከረው ክርክር ነው። አዎ፣ ሠርቷል። ግን እንዴት እንደሠራ እንይ። ሐኪሙ ለመግዛት ወስኖ ገዛ፣ ገዝቶም መለሰ። ፋውንዴሽኑም እንደዚያው። ማንኛቸውም ለጨዋታ አልገቡም። እንግዲህ አስቡት፤ ዋሽንግተን ያለ ማኅበር ለአንድ ብራና 1,500 ፓውንድ አዋጥቶ ሊያስመልስ ጨረታ ገብቷል። ባሕር ዳር ያለው ልጅ ደግሞ ሳያውቅ «እስኪ ላሙቀው» ብሎ በአጎቱ ልጅ ካርድ 1,600 ይላል። ማኅበሩ አቅሙ ያበቃል፣ ሦስተኛው ሰው፣ ሰብሳቢው፣ ይወስደዋል። ለመመለስ የመጣውን ያስወጣው ሰብሳቢው ሳይሆን የራሳችን ልጅ ነው። በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ወገን ከወገን አይተዋወቅም፤ ጨለማ ውስጥ እንደሚታኮስ ጦር ነው።

አራተኛ፤ «ድንገት ባሸንፍስ?» ይሄን ራሳቸው የሚጠይቁ ጥቂቶች ናቸው፣ መጠየቅ ግን ነበረባቸው። መዶሻው የወረደበት ዋጋ ውል ነው። አንበሳሜ ተቀምጦ በፓውንድ መክፈል የሚችል እጁን ያውጣ! ካልከፈልክ ካርዱን የሰጠህ ዘመድ ይጠየቃል፣ የሁለታችሁም መለያ ይታገዳል። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው የምር ሊገዛ ሲመጣ «እነዚህ አይከፍሉም» መባሉ ነው።

ቴምብር ሌላ፣ ታቦት ሌላ

አሁን «ይሄ ሰውዬ ጨረታ የሚባል ነገር ጠላ» እንዳትሉኝ። ቴምብርና ሳንቲም ላይ ለሚጫረት ሰው ብዙም የምለው የለኝም። የአፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ታትመው የመጡ ናቸው፣ በሺዎች ታትመዋል፣ ከመጀመሪያውም የተሠሩት ለመሸጥ ነው። ማርትሬዛ ብርም እንዲሁ። (በነገራችን ላይ ማርትሬዛ ላይ «1780» የሚል ስላያችሁ ብቻ ጥንታዊ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላ በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመታ ነው የኖረው።) በእነዚህ ላይ መጫረት ታሪክ ያስተምራል፣ ዓይን ይከፍታል። እዚያም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው፤ ብታሸንፍ የምትከፍለውን ዋጋ ብቻ ስጥ። ከዚያ በላይ ያለው የሌላውን ሰብሳቢ ኪስ በነፃ መዳሰስ ነው።

ጨረታ በራሱ ክፉ እንዳልሆነም ከማንም በላይ እኛ እናውቃለን። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ዳቦ ይጫረታል፣ ጃንጥላ ይጫረታል፣ ሥዕል ይጫረታል። እዚያ ላይ እንደማያሸንፍ እያወቀ ዋጋ የሚያንር ሰው አይወገዝም፣ ይመረቃል! ጋሽ እገሌ አንድ ሺህ ሲሉ፣ እትዬ እገሊት ሁለት ሺህ ሲሉ፣ እልልታው ይቀልጣል። የዳቦው ዋጋ ከዳቦው ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ቅር የሚለውም የለም። ለምን? የሚሞላው ኪስ የታወቀ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ይለብስበታል። የተሸናፊው ዋጋ እዚያ መባ ነው።

ልማዳችንን ይዘን ወደ ኒውካስል ስንሄድ ነው የምንሳሳተው። ሥራው አንድ ነው፣ ዋጋ ማናር። ኪሱ ግን ሌላ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያናርነውን ዋጋ፣ የቤተ ክርስቲያኑን መጽሐፍ ለወሰደው ሰው ልናናርለት አይገባም።

የመንግሥት ጨረታ እንኳ ይሄን ነገር ያውቃል። «የጨረታ ማስከበሪያ» የሚባለው ሲፒኦ ለምን የተፈለገ ይመስላችኋል? ላይገዛ የሚጫረተውን ለመለየት እኮ ነው። ለአሮጌ መኪና ሽያጭ ያሰብንለትን ጥንቃቄ ለብራናችን እንንፈገው?

ታዲያ ምን እናድርግ?

መቃወም ብቻ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። እኔ የምለው ግን ያቺን ማታ ማታ የምታጠፏትን አንድ ሰዓት ሌላ ቦታ አውሏት ነው።

የመጀመሪያው ነገር፣ ዕቃውን ስታዩ ዋጋ ከመስጠት ይልቅ መዝግቡት። የጨረታውን ቀን፣ የዕቃውን ቁጥር፣ የአጫራቹን ስም፣ ሁሉንም ፎቶዎች አስቀሩ። ከሽያጩ በኋላ ብዙ ጊዜ ስለሚጠፉ ፈጠን በሉ። ብራና ከሆነ ጽሑፉ የሚነበብበትን ገጽ አስፉት። «ይሄ መጽሐፍ የ... ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የሰረቀው፣ የፋቀው ውጉዝ ይሁን» የሚል ማስታወሻ አባቶቻችን ይጽፉ የነበረው ለዛሬዋ ቀን ነው። አጫራቹ ግእዝ አያነብም። እናንተ፣ ወይም የምታውቁት አንድ መሪጌታ፣ ያነባል።

ቀጥሎ ጻፉ። ለቅርስ ባለሥልጣን፣ ለኤምባሲው፣ ለአጫራቹ ራሱ። «ይህ ዕቃ ከኢትዮጵያ መቼና በምን ፈቃድ ወጣ?» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። በአገራችን ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ጠያቂው አንድ ሲሆን ያልፉታል። ሃምሳ ሲሆን ስብሰባ ይጠራሉ።

ከሁሉም የሚልቀው ሥራ ግን ያለው እዚህ፣ ቤታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ የብራና መጽሐፍ ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መለሰ። መጽሐፉ የገዳሙ መሆኑ የታወቀው እንዴት ነው? በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ያነሱ ሰዎች ፎቶ አንስተውት ስለነበረ ነው። በቃ። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ሄዶ፣ ገጾቹን አንስቶ፣ የየት እንደሆኑ ጻፈ። ከ40 ዓመት በኋላ ያ ፎቶ መጽሐፉን ከባሕር ማዶ ጎትቶ አመጣው። ፎቶ ዋጋ አያንርም፣ ሌባን አያበለጽግም፣ ባለቤትን ግን ያስመሰክራል።

ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ከዚያ የተሻለ ካሜራ አለ። የደብሩን አለቃ አስፈቅደን፣ የሰበካ ጉባኤውን አማክረን፣ የምናውቀውን አንድ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ገጽ በገጽ ማንሳት እንችላለን። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ አይደለም፣ እሱማ ለሌባ ካታሎግ ማዘጋጀት ነው። አንዱን ቅጂ ለደብሩ፣ አንዱን ለሀገረ ስብከቱ መስጠት። ኔትዎርክም አያስፈልገውም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እንኳ ካሜራው አልተቋረጠም። ኒውካስል ላይ ያ ጋሻ ለጨረታ ሲወጣ እዚህ ብዙው ሰው ድረ ገጽ መክፈት አይችልም ነበር። ዕቃ ቤቶቹ ግን እዚሁ ነበሩ፣ መጻሕፍቱም እዚሁ። አሁንም እዚሁ ናቸው።

የምር መግዛት የሚፈልግ ማኅበር ካለም ይግዛ፣ አልከለክልም። ግን ተነጋግሮ፣ ኤምባሲውን አሳውቆ፣ በአንድ ስም፣ በአንድ ዋጋ። ከጨረታ ውጭ ከሻጩ ጋር መነጋገር ከተቻለ ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል። ሌሎቻችን በዚያ ሰዓት ልናደርግለት የምንችለው ትልቁ ውለታ እጃችንን መሰብሰብ ነው።

ደላንታ ላይ የነበሩት ተጫራቾች ምክንያት ነበራቸው። አንዱ ለሙዚየም፣ አንዱ ለመኮንኖች ክበብ፣ አንዱ ለሳሎኑ ግድግዳ ነበር የሚገዛው። እኛ ግን ምክንያት እንኳ የለንም። ላንገዛው፣ ላናመጣው፣ ላናየው ዋጋ እናሳድጋለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል፣ አባቶቻችን ይሄን የኢንተርኔት ድር አላሰቡትም ይሆናል። ግን ሃምሳ ደብዳቤና አንድ ሺህ ፎቶ ካበረ፣ የአጫራቹን መዶሻ አየር ላይ ያስቀረዋል። አንድ ሺህ የቀልድ ዋጋ ቢያብር ግን መዶሻውን ከማክበድ ሌላ የሚያደርገው የለም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ያ ገጽ ሲከፈት፣ ክታቡም መስቀሉም ተራ በተራ ሲመጣ፣ ጣታችሁ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፤ «ብሸነፍ፣ የጨመርኩት ዋጋ ለማን ይደርሳል?» መልሱ «ለደብሩ» ከሆነ እልል በሉና ጨምሩ። ካልሆነ ግን ላትገዙት አትጫረቱ።

ቸር ሰንብቱ።